ቴክስት ወይስ ባይነሪ? ፋይል ስናስተላልፍ የምንመርጠው ሞድ

ፋይል በኤፍቲፒ (ፋይልን በኔትወርክ የማስተላለፊያ ደንብ) ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላ ሲሄድ ሁለት አካሄድ አለው። በባይነሪ ሞድ እያንዳንዱ ባይት (ከ0 እስከ 255 ያለ አንድ ቁጥር) ሳይነካ እንዳለ ይሻገራል። በቴክስት ሞድ ግን መሀል ላይ አስተርጓሚ ይቀመጣል። ብዙ ፕሮግራሞች ይህን ሞድ አስኪ ይሉታል። አስተርጓሚው የመስመር መጨረሻ ምልክቶችን ተቀባዩ ማሽን በለመደው መልክ እየቀየረ ያሳልፋል። የሚያልፈው ጽሑፍ ከሆነ ጥሩ ነው። ችግሩ፣ ፎቶ ሲሰጡትም መተርጎሙን አይተውም።

ጣጣው የቴሌታይፕ (በሽቦ የመጣ መልእክት የሚያትም የጽሕፈት ማሽን) ዘመን ውርስ ነው። በዚያ ማሽን አዲስ መስመር ለመጀመር ሁለት ትእዛዝ ያስፈልግ ነበር። አንዱ የማተሚያውን ራስ ወደ ግራ ጠርዝ ይመልሳል፣ ሌላው ወረቀቱን በአንድ መስመር ይገፋል። ለፊደላትና ለምልክቶች ቁጥር በሚሰጠው የአስኪ ሰንጠረዥ የመጀመሪያው ቁጥሩ 13፣ ሁለተኛው 10 ነው። ዊንዶውስ ሁለቱንም እንደያዘ ቀረ። ዩኒክስና ሊኑክስ በ10 ብቻ ተብቃቁ። የድሮው ማክ ደግሞ 13ን መረጠ፤ ወደ ዩኒክስ ጎራ የገባው እ.ኤ.አ. በ2001 ኦኤስ ቴን ሲመጣ ነው።

የኤፍቲፒ የመጀመሪያ ሰነድ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ዋናው መመሪያ፣ አርኤፍሲ 959፣ በ1985 ተከተለ። በዚህ መመሪያ መሠረት ተጠቃሚው ምንም ካልመረጠ ሞዱ ቴክስት ነው። ለዛሬ ሰው ይህ ወጥመድ ነው። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው የትእዛዝ መስመር ኤፍቲፒም በቴክስት ይጀምራል፤ ካልፈለጉት «ባይነሪ» ብሎ መጻፍ የእርስዎ ፈንታ ነው።

ጉዳቱን በቁጥር እንየው። የተጨመቀ ፋይል፣ ለምሳሌ ዚፕ ወይም ፎቶ፣ ውስጡ ዝብርቅርቅ ያለ ስለሆነ ከ256 ባይት አንዱ በአጋጣሚ 10 ይሆናል ብሎ መገመት ይቻላል። 1 ሜጋባይት ፋይል ከሊኑክስ ሰርቨር ወደ ዊንዶውስ በቴክስት ሞድ ቢወርድ በእያንዳንዱ 10 ፊት 13 ይሰካበታል። ፋይሉ በ4 ኪሎባይት ያህል ያብጣል፣ አይከፈትምም። በተቃራኒው አቅጣጫ ነገሩ ይብሳል። ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ሲሄድ የሚጠፋው ከ10 በፊት የመጣ 13 ብቻ ነው። ያ ጥንድ በ1 ሜጋባይት ውስጥ 16 ጊዜ ያህል ቢገኝ ነው። መጠኑን በዓይን ቢያዩት ምንም የጎደለ አይመስልም። የጠፋው 13 የት የት እንደነበረ ደግሞ ፋይሉ አይናገርም፤ በየ10ሩ ፊት 13 ቢመልሱ ድሮ ያልነበረበት ቦታም ይገባል።

ፒኤንጂ የተባለው የምስል ፋይል ዓይነት ፈጣሪዎች ይህን ጉድ በደንብ ያውቁት ነበር። እያንዳንዱ ፒኤንጂ ምስል በ8 ባይት ይጀምራል፦ 137፣ 80፣ 78፣ 71፣ 13፣ 10፣ 26፣ 10። ጥንዱ 13 እና 10፣ ከዚያም ብቻውን የቆመው 10፣ ሆን ተብለው የገቡ ናቸው። አስተርጓሚ ከነካቸው ይህ የ8 ባይት ፊርማ ይበላሻል፣ ፕሮግራሙም ገና ከበር ላይ ያውቀዋል። ብልህ ሥራ ነው።

ጽሑፍ በባይነሪ ሲላክ የሚደርሰው ጉዳት ቀለል ይላል። የታወቀው ምሳሌ በዊንዶውስ ተጽፎ ሊኑክስ ላይ የተጫነ ስክሪፕት (በጽሑፍ የተቀመጠ የትእዛዝ ዝርዝር) ነው። የመጀመሪያው መስመር ላይ ያለው፣ ስክሪፕቱን የሚያስኬደው ፕሮግራም ስም ጫፍ ላይ የማይታይ 13 ይለጠፋል። ሲስተሙም በዚያ ስም የሚጠራ ፕሮግራም የለም ብሎ ድርቅ ይላል። ሰው ትክክለኛውን ስም እያየ ያብዳል። መፍትሔው ግን 13ቱን መጥረግ ብቻ ነው፤ የጠፋ ነገር የለም። ግራ ሲገባኝ ባይነሪን የምመርጠው ለዚህ ነው።

የአማርኛ ጽሑፍ ላይ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። በዩቲኤፍ-8 (ፊደልን በባይት የማስቀመጫ ስልት) ከተቀመጠ በቴክስት ሞድ ቢሄድ ፊደሎቹ ላይ አደጋ የለም፤ የግዕዝ ፊደል ሦስቱም ባይቶች ከ127 በላይ ናቸው። በሌላው ስልት፣ በዩቲኤፍ-16፣ ከሆነ ግን «ሊ» ውስጥ 10፣ «ል» ውስጥ 13 አለ። አስተርጓሚው «ሊ»ን ሲያይ መስመር ያለቀ ይመስለዋል።

ቴክስት ሞድ የግድ የሚሆነው አይቢኤም ሜይንፍሬም (የትልልቅ ድርጅቶች ግዙፍ ኮምፒውተር) ጋ ነው። እዚያ ፊደሎቹ ራሳቸው ሌላ ቁጥር አላቸው። የእንግሊዝኛው ትልቁ «ኤ» በአስኪ 65፣ በሜይንፍሬሙ ሰንጠረዥ፣ በኢብሲዲክ፣ 193 ነው። በባይነሪ የወረደ ሪፖርት ኮተት ሆኖ ይመጣል።

እንደ ፋይልዚላ ያሉ ፕሮግራሞች በፋይሉ ስም ቅጥያ እያዩ ሞዱን ራሳቸው ይመርጣሉ። ቪኤስኤፍቲፒዲ የተባለው የሊኑክስ ሰርቨር ደግሞ ቴክስት ሞድ ሲጠየቅ እሺ ይላል፣ ካልተፈቀደለት በቀር ግን ምንም አይቀይርም። ኤስኤፍቲፒ የተባለው ምስጢር ጠባቂ የማስተላለፊያ ዘዴ በብዛት የሚሠራው ሁሉን እንዳለ በማሻገር ነው። አስተርጓሚው ግን ጡረታ አልወጣም፤ ጊት በተባለው የኮድ ለውጥ መከታተያ ፕሮግራም ውስጥ ገብቷል። በዊንዶውስ የመስመር መጨረሻን እንዲቀይር ከተዋቀረ ፋይሉ ጽሑፍ ይሁን አይሁን ገምቶ ይወስናል። ስለዚህ ፕሮጀክቱ ውስጥ ምስልና ዚፕ ካለ፣ ጊትአትሪቢዩትስ ፋይል ላይ ባይነሪ መሆናቸውን መጻፍ የተለመደ ነው።