ስለ ሙዚቃ መምህራን ሥልጠና የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንድ ወጣት የትምህርት ቤት የሙዚቃ መምህር ለመሆን ዩኒቨርሲቲ እንደገባ ሲናገር «ለዚህ ደግሞ ዲግሪ ምን ያደርጋል?» የሚለው ብዙ ነው። ጥያቄው የሚነሣው ሥራውን በቅርብ ካለማየት ስለሆነ፣ ከጀርባው ያሉትን አመለካከቶች በየተራ ማየት ይበጃል።

«ጎበዝ ተጫዋች ማስተማር አያቅተውም»

ከሁሉም ሥር የሰደደው ይህ ነው። ክራር አሳምሮ የሚጫወት ወጣት የሁለተኛ ክፍል ሕፃናት ፊት ቆሞ መዝሙር ሲያስጀምር፣ ለራሱ ጉሮሮ በሚመቸው ድምፅ ይነሣል። የአዋቂ ወንድ ድምፅ ከሕፃናቱ በአንድ ኦክታቭ (ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ባለው ርቀት) ያህል ዝቅ ይላል። ግማሾቹ እሱን እንከተላለን ብለው ወደ ታች ሲወርዱ ድምፃቸው ይጠፋል፤ የቀሩት ይጮኻሉ። እሱም «እነዚህ ልጆች ዜማ አይዙም» ብሎ ይደመድማል፤ ጥፋቱ ግን የመነሻው ድምፅ ነው። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ሳይጨነቅ የሚዘምረው ከፒያኖው መካከለኛ ዶ ቀጥሎ ካለው ሬ እስከ ላ ባለው አካባቢ ነው።

ሥልጠናው የሚያስተምረው ይህንን ነው፦ መነሻ ድምፅ መስጠት፣ ዜማውን ሐረግ በሐረግ ማቀበል፣ ልጆቹ ሲመልሱ ደግሞ ዝም ብሎ ማዳመጥ። ለእጩ መምህራን ከሁሉ የሚከብዳቸው የመጨረሻው ነው። አብሯቸው የሚዘምር መምህር የሚሰማው የራሱን ድምፅ ስለሆነ፣ የሳተው ልጅ የትኛው እንደሆነ አይለይም። መድረክ ላይ የኖረ ሰው ይህን ዝምታ በልምምድ ካልሆነ አያገኘውም።

«ዜማ የማይዝ ልጅ አይማርም»

ድምፆችን መለየት የሚያቅተው ሰው አለ፤ ነገር ግን እጅግ ጥቂት ነው። አብዛኛው ልጅ የሰማውን ድምፅ ከራሱ ድምፅ ጋር ማገናኘት ገና ያልተለማመደ ነው። «አንተ ከንፈርህን ብቻ አንቀሳቅስ» የተባለ ልጅ ሳይዘምር ያድጋል። ይህን የሚል መምህር መማሪያ ክፍል ባይገባ እመርጣለሁ።

«ዩኒቨርሲቲው የሚያስተምረው የፈረንጅ ሙዚቃ ነው፤ ኖታ የእኛ አይደለም»

ስጋቱ መሠረት የለውም አልልም፤ መደምደሚያው ግን ስሕተት ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ከፒያኖና ከቫዮሊን ጎን ለጎን ክራር፣ ማሲንቆና ዋሽንት ያስተምራል። የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደም የሙዚቃ ደራሲም የአገራቸው ሙዚቃ ተመራማሪም ነበሩ። ዜማን በምልክት መጻፍም ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የድጓ ተማሪ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ጭረት እያለ የሚያነባቸው ምልክቶች በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደተሰናዱ ይነገራል።

ትምህርቱን በአገር ዜማ መጀመርም ይቻላል፤ የሃንጋሪው የሙዚቃ ደራሲና አስተማሪ ዞልታን ኮዳይ የአገሩን የሕፃናት ትምህርት የመሠረተው በገጠር ዘፈኖች ላይ ነው። ከእነዚህ ውስጥ የጥንቶቹ ብዙዎቹ ባለ አምስት ድምፅ ናቸው፤ የእኛም ቅኝቶች፣ ማለትም ዜማ የሚሠራባቸው የድምፅ ስብስቦች፣ እንዲሁ። ሜጀር የሚባለው ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ስለሆነ ለጀማሪ ልጅ የተመቸ ነው። አንቺሆዬ ግን ይለያል፤ የድምፆቹ ርቀት በፒያኖ ቁልፎች ላይ ልክ አይቀመጥም። ስለዚህ እጩ መምህሩ የትኛውን ቅኝት በየትኛው ክፍል፣ በምን መሣሪያ እንደሚያስጀምር ማወቅ አለበት። ይህ በራሱ ብዙ ክፍለ ጊዜ የሚፈልግ ጉዳይ ነው።

«ሙዚቃ የሚሰጠው ልጆች በሒሳብ እንዲጎብዙ ነው»

ይህን የሚሉት የሙዚቃ ወዳጆች ናቸው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1993 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ አጭር ጥናት ነው። ጥናቱ የተደረገው በ36 የኮሌጅ ተማሪዎች ላይ እንጂ በሕፃናት ላይ አይደለም፤ ሞዛርትን 10 ደቂቃ ካዳመጡ በኋላ ቅርፅን በአእምሮ በማገላበጥ ጥያቄ ላይ የታየው መሻሻልም ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ብቻ የቆየ ነበር። መምህሩ በዚህ ተስፋ ከገባ፣ የሒሳብ ውጤቱ ሳይቀየር ሲቀር ሙዚቃውም ክፍለ ጊዜውን ያጣል።

«መሣሪያ ከሌለ ሙዚቃ ማስተማር አይቻልም»

ቢኖር መልካም ነበር፤ ብዙ ትምህርት ቤት ግን የለውም። የሠለጠነ መምህር 60 ልጆችን ለሁለት ይከፍላል። አንዱ ወገን በእግሩ ሁለት ሁለት ይመታል፤ ሌላው በዚያው ጊዜ ውስጥ ሦስት ሦስት ያጨበጭባል። ሁለቱ ሲገጥሙ ልጆቹ የችክችካን ምት በገዛ አካላቸው ያገኙታል። ከዚያ ወገኖቹ ይለዋወጣሉ። እግሩን ያስቸገረው ልጅ ጎበዝ በሆነ ልጅ ጎን ይቆማል፤ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ እንደገና ይጀመራል። ይህን ያለ ግርግር ለማስኬድ እጩ መምህሩ በማስተማር ልምምድ ጊዜው በእውነተኛ ክፍል ውስጥ ደጋግሞ መሞከር ይኖርበታል። ለዚህ የሚመደበው ጊዜ ሲያጥር የሚጎዳውም ይኸው ችሎታ ነው።