ለመክፈቻ ሙዚቀኛ የሚከፈል ቁርጥ ክፍያ ምንድን ነው?

የኮንሰርት አዘጋጅ ከሩቅ የሚመጣውን ዋና ድምፃዊ ሲያስፈርም የአውሮፕላን ትኬቱን፣ የሆቴሉን ደረጃ፣ የቀብዱን መጠንና ቀሪው ገንዘብ የሚለቀቅበትን ሰዓት ሳይቀር በጽሑፍ ያሰፍራል። ከዋናው ድምፃዊ በፊት ወጥቶ ቀዝቃዛውን አዳራሽ የሚያሟሙቀው የአካባቢው ሙዚቀኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጋበዘው በስልክ ሲሆን፣ ስለ ክፍያው ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስም «ግድ የለም፣ እንተሳሰባለን» የሚል ነው። ቁርጥ ክፍያ ይህን «እንተሳሰባለን» በቁጥር የሚተካ ስምምነት ነው፤ አዳራሹ ቢሞላም ባይሞላም፣ ዋናው ድምፃዊ ቢዘገይም ባይዘገይም፣ መክፈቻው ሙዚቀኛ የተስማማበትን ሠርቶ ሲወርድ የሚቀበለው፣ አስቀድሞ የታወቀና ከትኬት ሽያጭ ጋር ያልተያያዘ ገንዘብ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ አዘጋጆች «ጋራንቲ» ይሉታል። በአማርኛ ግን ቃሉን ከውጭ መዋስ አያስፈልግም፤ ግንበኛ ሥራ ሲሰጠው «በቀን ነው በቁርጥ?» ብሎ እንደሚጠይቅ የማያውቅ የለም።

የዚህ አሠራር ፍትሐዊነት በደንብ የሚታየው ከሌሎቹ አሠራሮች አጠገብ ሲቀመጥ ነው። አንደኛው የበር ገቢን መካፈል ሲሆን፣ መክፈቻው ሙዚቀኛ ከተሰበሰበው የመግቢያ ገንዘብ ይህን ያህል በመቶ ይደርሰዋል ይባላል። ላይ ላዩን ሲታይ ከእኩል እርሻ የተለየ አይመስልም፤ መሬቱ የአንዱ፣ ጉልበቱ የሌላው፣ ምርቱ የሁለቱ ነው። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። የእኩል አራሽ እህሉ አውድማ ላይ ሲሰፈር ቆሞ ያያል፤ ቁናው ስንት ጊዜ እንደሞላም ራሱ ይቆጥራል። መክፈቻው ሙዚቀኛ በአንጻሩ በሩ ላይ ገንዘብ በሚሰበሰብበት ሰዓት መድረክ ላይ ነው፤ ስንት ሰው ከፍሎ እንደገባ፣ ስንቱ በስፖንሰር ስም በነጻ እንዳለፈ፣ በስልክ የተሸጠው ትኬት ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቀው አዘጋጁ ሲነግረው ብቻ ነው። በዚያ ላይ «ከወጪ ቀሪ» የምትል ሐረግ ከገባችበት፣ ወጪውን የሚጽፈው አንዱ ወገን ብቻ ስለሆነ፣ ድርሻው በቀላሉ ዜሮ ሊሆን ይችላል። የበር ድርሻ የሚሠራው መቁጠሪያው ለሁለቱም ክፍት በሆነበት ቤት ብቻ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሁለተኛው አሠራር ከዚህ የከፋ ነው። በሎስ አንጀለስ አካባቢ፣ በተለይም በሰንሴት ቡሌቫርድ በሚገኙ የሮክ ክለቦች፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተስፋፋው «ከፍለህ ተጫወት» የሚባለው ልማድ ወጣት ባንዶች የራሳቸውን ምሽት ትኬት በጅምላ አስቀድመው እንዲገዙና ለጓደኞቻቸው እንዲሸጡ ያስገድድ ነበር። ትኬቱን የሸጠ ወጪውን ይመልሳል፤ ያልሸጠ ደግሞ መድረክ ላይ ለመውጣት ከኪሱ ከፍሎ ይቀራል። በየከተማው በሚገኙ የኢትዮጵያውያን ዝግጅቶች ላይ ይህ አሠራር በዚያ ስሙ ባይጠራም፣ «መድረኩን እንሰጥሃለን፣ አንተ ግን 30 ትኬት ታስወጣለህ» የሚለው አነጋገር ያው እርሱ ነው።

ነገሩን በቁጥር ለማየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። 300 ሰው የሚይዝ አዳራሽ ተከራይቶ ትኬቱ በ20 ዶላር ይሸጣል እንበል። ለአዳራሹ፣ ለድምፅ መሣሪያው፣ ለጥበቃውና ለማስታወቂያው በድምሩ 2,200 ዶላር ይወጣል፤ ለዋናው ድምፃዊ 2,000፣ ለመክፈቻው 200 ዶላር ቁርጥ ይከፈላል። ጠቅላላ ወጪው 4,400 ዶላር ስለሆነ አዘጋጁ ኪሳራ የማይደርስበት 220 ሰው ከገባ ነው። አዳራሹ ከሞላ 1,600 ዶላር ያተርፋል፤ 150 ሰው ብቻ ከመጣ ደግሞ 1,400 ዶላር ይከስራል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የመክፈቻው ክፍያ የአሥር ትኬት ዋጋ ነው። አዘጋጁን የሚያከስረው የአዳራሹ ኪራይና የዋናው ድምፃዊ ዋጋ ሆኖ ሳለ፣ ቁጠባው ግን ሁልጊዜ የሚጀመረው ከዚች አሥር ትኬት ነው። ያው ሙዚቀኛ በቁርጥ መከፈሉ ቀርቶ 30 ትኬት በ15 ዶላር አስቀድሞ እንዲገዛ ቢደረግ 450 ዶላር ያወጣል፤ 12ቱን በ20 ዶላር ሸጦ 240 ቢሰበስብ 210 ዶላር ከስሮ፣ የታክሲውን ከራሱ ከፍሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። አዳራሹ ሞልቶ ቢሆን ኖሮ ግን ከ1,600ው ትርፍ የሚደርሰው አልነበረም። የክፍያ ፍትሕ ጥያቄ እዚህ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ትርፉን የማይካፈል ሰው ኪሳራውን ሊካፈል አይገባም።

በትልልቆቹ ኮንሰርቶች ውል ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። የታወቀ ድምፃዊ ብዙ ጊዜ ቁርጥ ክፍያውን ብቻ አይቀበልም፤ ወጪው ሁሉና የአዘጋጁ የተወሰነ ትርፍ ከተነሣ በኋላ ከሚቀረው ገንዘብ 85 በመቶው የእርሱ፣ 15 በመቶው የአዘጋጁ እንዲሆን ይስማማሉ። የመክፈቻው ክፍያ የሚመዘገበው ከወጪዎቹ ተርታ ስለሆነ፣ ሽያጩ ከዚያ ነጥብ ባለፈበት ምሽት ለመክፈቻው የተጨመረው 100 ዶላር በግምት 85ቱ የሚወጣው ከዋናው ድምፃዊ ድርሻ ነው፤ ከአዘጋጁ የሚጎድለው 15 ዶላር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ መክፈቻው በጎደለ ቁጥር ተጠያቂው አዘጋጁ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ዋናው ድምፃዊ «ከእኔ በፊት ለሚወጣው ከዚህ በታች እንዳይከፈል» ብሎ በውሉ ላይ አንድ መስመር ማስገባት ይችላል፤ ራሱም በዚያው በር ያለፈ ሰው ከሆነ ይህን ለመጠየቅ ከእርሱ የቀረበ የለም።

የቁርጥ ክፍያው መጠን ብቻውን ግን ምንም አይነግረንም፤ ገንዘቡ የሚከፈለው ለየትኛው ሥራ እንደሆነ መታወቅ አለበት። በእኛ ዝግጅቶች ላይ ይህ በተለይ ያስቸግራል። በዋሽንግተንና በአካባቢው፣ ወይም እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ዓመታዊ ውድድሩን በሚያካሂድበት ከተማ፣ የውድድሩ ሳምንት ሌሊቶች በኮንሰርት የተጨናነቁ ናቸው፤ በማስታወቂያው ላይ የተጻፈው ሰዓትና ዋናው ድምፃዊ መድረክ ላይ የሚታይበት ሰዓትም እምብዛም አይገናኙም። ያን ክፍተት የሚሞላው መክፈቻው ነው። እኔ ራሴ ኪቦርድ ይዤ በወጣሁበት አንድ ምሽት ግማሽ ሰዓት የተባልኩት ሁለት ሰዓት ከሩብ ሆኖ ነበር፤ በእያንዳንዱ ዘፈን መጨረሻ ወደ ጎን ስመለከት አዘጋጁ ጣቱን እያሽከረከረ «ቀጥል፣ ቀጥል» ይለኛል፤ ዋናው ድምፃዊ ገና ከሆቴሉ አልወጣም። ክፍያው ግን የግማሽ ሰዓቱ ሆኖ ቀረ። በቁርጥ መስማማት ማለት ደቂቃውንም መቁረጥ ማለት ነው፤ ከተባለው ጊዜ በላይ ለሚጫወተው እያንዳንዱ ሩብ ሰዓት የሚጨመረው ገንዘብ አስቀድሞ ካልተነገረ፣ ቁርጡ ለአንዱ ወገን ብቻ ቁርጥ ይሆናል።

ሌላው የባንዱ ጉዳይ ነው። በአማርኛ ኮንሰርት ላይ የአካባቢው ድምፃዊ ብዙ ጊዜ ብቻውን መጥቶ በዋናው ድምፃዊ አጃቢ ባንድ ይታጀባል። ዘፈኖቹን ለመለማመድ ቢያንስ አንድ ከሰዓት ያስፈልጋል፤ የዚያ ልምምድ ወጪ የማን ነው? ካልተወሰነ ድምፃዊቱ ከ200 ዶላሯ ላይ ለባንዱ 150 ከፍላ ቀሪውን ለመኪና ማቆሚያ ትሰጣለች። የራሱን ባንድ ይዞ የሚመጣም ቢሆን 200 ዶላር ለአንድ ሰውና ለአምስት ሰው አንድ አይደለም፤ ለአምስት ሲካፈል 40 ዶላር ነው።

ሽልማትም አለ። አድማጭ ተነሥቶ ግንባር ላይ ገንዘብ መለጠፉ ከአዝማሪ ቤት ጀምሮ የመጣ ባህላችን ስለሆነ፣ አንዳንድ አዘጋጆች «ሽልማቱ አለልህ አይደል?» በማለት ከክፍያው ይቀንሱታል። ይህ ከንቱ ክርክር ነው። ሽልማት የአድማጩ ስጦታ እንጂ የአዘጋጁ ዕዳ መክፈያ አይደለም፤ ደግሞም ሕዝቡ ገና እየገባ፣ ወንበር እየፈለገ ባለበት ሰዓት ለሚዘፍን ሰው ማን ተነሥቶ ይሸልማል? መክፈቻው አሟሙቆ ሲወርድ ሽልማቱ የሚዘንበው ቀጥሎ ለሚወጣው ነው።

«ስም ይሠራልሃል» የሚለው ግብዣስ? ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም፤ በትልቅ መድረክ መታየት ለጀማሪ ይጠቅመዋል። ይህ ጥቅም ግን ክፍያን ሊተካ የሚችለው ሙዚቀኛው ራሱ አስቦበት ሲመርጠው ነው። በቴክሳስ ኦስቲን የሚካሄደው ሳውዝ ባይ ሳውዝዌስት ፌስቲቫል ለዓመታት ለአንድ ባንድ 250፣ ለነጠላ ተጫዋች 100 ዶላር ይከፍል ነበር፤ ከገንዘቡ ይልቅ የፌስቲቫሉን መግቢያ የሚመርጡም ነበሩ። የሙዚቀኞችና አጋር ሠራተኞች ኅብረት የተባለው የአሜሪካ ማኅበር ካካሄደው ዘመቻ በኋላ እ.ኤ.አ. ለ2024 ክፍያው 350 እና 150 ዶላር ሆኗል። ጭማሪው ትንሽ ነው፤ ማኅበሩም በቂ ነው አላለም። ይሁን እንጂ ክርክሩ «ይከፈል ወይስ አይከፈል» ከሚለው ወጥቶ «ስንት ይከፈል» ወደሚለው መሻገሩ የሚናቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ላይቭ ኔሽን የተባለው ግዙፍ የአሜሪካ ኮንሰርት አዘጋጅ ኩባንያ በሚያስተዳድራቸው በርካታ ክለቦች ለዋናውም ለመክፈቻውም ባንድ ከክፍያቸው በተጨማሪ በምሽት 1,500 ዶላር የነዳጅና የጉዞ ገንዘብ እንደሚሰጥ፣ ባንዶቹ ከሚሸጡት ቲሸርትና አልበምም ድርሻ እንደማይወስድ አስታውቋል። በትልልቅ ኩባንያዎች ሥር ያልሆኑ አዳራሾች ማኅበር በበኩሉ ይህ ገንዘብ ትናንሾቹን ከገበያ የሚያስወጣ ነው ሲል ተቃውሟል፤ ሥጋቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፤ ለሙዚቀኛ የሚመቸው ሁሉ ለአነስተኛ አዘጋጅ አይመችምና።

አነስተኛ አዘጋጅ በእውነትም የሚጨነቅ ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜ በቁጠባው የሚሠራ፣ በአንድ ዝናባማ ቅዳሜ ዓመቱን ሙሉ ያተረፈውን የሚያጣ። ለእንዲህ ዓይነቱ አዘጋጅ የሚስማማው ቁርጡን ዝቅ አድርጎ ጭማሪ ማስከተል ነው፦ 150 ዶላር ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ፣ ከ220ኛው ትኬት በኋላ ደግሞ በእያንዳንዱ ትኬት ሁለት ዶላር። አዳራሹ ከሞላ መክፈቻው 310 ዶላር ያገኛል፤ ካልሞላ 150ው አይነካም። ጭማሪው የሚታሰበው ከወጪ ቀሪ ላይ ሳይሆን በትኬት ቁጥር ስለሆነም የሚያጨቃጭቅ ስሌት የለውም።

ስለ ቀብድም ጥቂት ማለት ይገባል፤ በኢትዮጵያ ሕግ ቀብድ ክብደት ያለው ነገር ነውና። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1883 ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመደረጉ ማስረጃ እንደሆነ ይደነግጋል። በቁጥር 1885 መሠረት ደግሞ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ወገን ቀብዱን ለቆ ውሉን ማፍረስ ይችላል፤ የተቀበለው ወገን ማፍረስ ከፈለገ ግን የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። አዲስ አበባ ላይ አዘጋጁ ለመክፈቻው ድምፃዊ ከተስማሙበት 20,000 ብር 5,000ውን ቀብድ ብሎ ቢሰጠውና ከሁለት ቀን በፊት «ሌላ ሰው አግኝተናል» ቢለው፣ ድምፃዊው ቢያንስ ያን 5,000 አይመልስም፤ ድምፃዊው ራሱ የተሻለ ሥራ አግኝቶ ቢቀር ደግሞ 10,000 ይመልሳል። ወረቀቱ ላይ «ቀብድ» የሚለው ቃል መጻፉና «ቅድሚያ ክፍያ» መባሉ አንድ እንዳልሆነ ማስተዋል ይበጃል። በሌላ አገር ያለ ሰው ግን ሕጉ የዚያው አገር ስለሆነ፣ ዝግጅቱ ቢሰረዝ የሚሆነውን በውሉ ላይ በግልጽ ቢያጽፍ ይሻለዋል።

ቁርጥ ክፍያው የመድረኩ ዋጋ እንጂ የቀረጻው ዋጋ አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 «ከዋኝ» የሚለው ሰው ክዋኔው እንዲቀረጽ ወይም እንዲሠራጭ የመፍቀድ መብት አለው። ዝግጅቱን በሦስት ካሜራ ቀርጾ ዩቲዩብ ላይ የሚጭን አዘጋጅ ለዚያ የተለየ ፈቃድ፣ የሚቻል ከሆነም የተለየ ክፍያ ያስፈልገዋል።

የመጨረሻው ጉዳይ ሰዓቱ ነው። ዋናው ድምፃዊ መድረክ ላይ ከወጣ በኋላ አዘጋጁ አይገኝም፤ ዝግጅቱ ሲያልቅ ደግሞ ከድምፃዊው ወኪል ጋር በጓዳው በር ዘግተው ሒሳብ ይሠራሉ። መክፈቻው ኪቦርዱን ሻንጣው ውስጥ ከትቶ፣ ጽዳት ሠራተኞቹ ወንበር ሲደራርቡ እያየ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኮሪደር ውስጥ ይቆማል፤ በሩ ሲከፈትም «ሰኞ ደውልልኝ» ይባላል። ልምድ ያላቸው ሙዚቀኞች ለዚህ ሲሉ በስምምነታቸው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምራሉ፦ ቀሪው ክፍያ መክፈቻው ከመድረክ በወረደ በ30 ደቂቃ ውስጥ፣ ዋናው ድምፃዊ ከመውጣቱ በፊት ይከፈላል።