ስፕራይት ምንድን ነው? ከደመና በላይ ስለሚበራው ቀይ ብልጭታና ከጠፈር ስለሚጠናበት መንገድ

ስፕራይት ማለት ኃይለኛ መብረቅ ወደ ምድር በወረደ በጥቂት ሚሊሰከንዶች ውስጥ፣ ከነጎድጓዳማው ደመና እጅግ ርቆ፣ ከምድር ገጽ ከ40 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ቦግ ብሎ የሚጠፋ ቀይ ብርሃን ነው። የመንገደኞች አውሮፕላን ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር፣ በሐሩር ክልል ያለ ትልቅ የነጎድጓድ ደመና ደግሞ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንደሚደርሱ ስናስብ፣ ስፕራይት የሚበራበት ቦታ ደመናም አውሮፕላንም የማይደርሱበት፣ አየሩ እጅግ የሳሳበት አካባቢ መሆኑን እንረዳለን። ቅርጹ ከላይ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተንሰራፋ፣ ከታች ደግሞ እንደ ሥር ቀጫጭን ጭራዎች የሚንጠለጠሉበት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙን ስንሰማ አስቀድሞ ትዝ የሚለን የለስላሳ መጠጡ ቢሆን አይፈረድብንም። በአውሮፓውያን ተረት ውስጥ ግን ስፕራይት ብቅ ብላ ወዲያው የምትሰወር ረቂቅ ፍጡር ናት። ስያሜውን ያወጣው የአላስካ ዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ ሊቅ ዴቪስ ሴንትማን ሲሆን፣ እንዲህ ያለ የተረት ስም የመረጠበት ምክንያት ነበረው፤ ክስተቱ በምን እንደሚፈጠር በቅጡ ሳይታወቅ ስሙ ራሱ አንድን ማብራሪያ ተሸክሞ እንዳይገኝ ፈልጎ ነው። ይህ በእኔ አስተያየት አስተዋይነት የታየበት ምርጫ ነው። በአማርኛም ቃሉን ቆሌ ወይም ጂኒ ብሎ ከመተርጎም እንዳለ መውሰዱ ይሻላል።

አፈጣጠሩን ለመረዳት ከደመናው እንነሣ። በነጎድጓድ ደመና ውስጥ የበረዶ ቅንጣቶች እርስ በርስ ሲጋጩ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ይለያያል፤ በአብዛኛው አዎንታዊው ወደ ላይኛው የደመናው ክፍል፣ አሉታዊው ወደ መካከለኛውና ወደ ታችኛው ይሰበሰባል። ወደ ምድር ከሚወርዱት መብረቆች የሚበዙት አሉታዊ ቻርጅ የሚያወርዱ ናቸው። አዎንታዊ ቻርጅ የሚያወርዱት ጥቂት ቢሆኑም፣ በመቶዎች በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች በተዘረጋ ደመና ውስጥ ሲከሰቱ ከሰፊ ቦታ የተሰበሰበ ብዙ ቻርጅ በአንድ ጊዜ ያራግፋሉ። ያ ሁሉ ቻርጅ ከደመናው በድንገት ሲወጣ፣ ከደመናው በላይ እስከ አዮኖስፌር (በኤሌክትሪክ ቻርጅ የተሞላው የላይኛው የአየር ንብርብር) ድረስ ያለው የኤሌክትሪክ መስክ ለጥቂት ጊዜ እጅግ ይጠነክራል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር መስኩ ቢዳከምም፣ አየሩ ከመስኩ ይበልጥ በፍጥነት ስለሚሳሳ፣ 75 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደረስ የቀረው መስክ አየሩን ለመስበር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ ለማድረግ በቂ ይሆናል። ብልጭታው በዚያ ከፍታ ይጀምርና አስቀድሞ ወደ ታች፣ ቀጥሎም ወደ ላይ ይሮጣል፤ ስለዚህ ስፕራይት ከደመናው ተነሥቶ ወደ ሰማይ የሚተኮስ መብረቅ ነው የሚለው የተለመደ አገላለጽ ትክክል አይደለም።

ቀለሙ የናይትሮጅን ነው። የተፋጠኑ ኤሌክትሮኖች የናይትሮጅን ሞለኪውሎችን ሲገጩ ሞለኪውሎቹ ቀይ ብርሃን ይለቃሉ፤ ወደ ታች፣ አየሩ ጥቅጥቅ እያለ በሚሄድበት ክፍል ግን ሰማያዊው ያመዝናል። ተራው መብረቅ የሚያልፍበትን ቀጭን መስመር ከፀሐይ ገጽ በሚበልጥ ሙቀት ሲያግለው፣ ስፕራይት አየሩን ከቁጥር የሚገባ አያሞቀውም። የሚመስለው በፍሎረሰንት አምፖል ውስጥ ያለውን ቀዝቃዛ ብርሃን ነው እንጂ እሳትን አይደለም።

ይህ ሊሆን እንደሚችል ስኮትላንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ቻርልስ ዊልሰን በ1920ዎቹ አስቀድሞ ጽፎ ነበር። አብራሪዎችም ከደመና በላይ እንግዳ ብርሃን ማየታቸውን ለአሥርተ ዓመታት ሲናገሩ ኖረዋል፤ የሚሰማቸው ግን አልነበረም። ጉዳዩ እልባት ያገኘው በአጋጣሚ ነው። ጁላይ 6 ቀን 1989 ሌሊት የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲው ጆን ዊንክለርና ባልደረቦቹ ለሮኬት በረራ ያዘጋጁትን ደብዛዛ ብርሃን የሚይዝ የቴሌቪዥን ካሜራ ሲሞክሩ፣ ከሩቅ ነጎድጓድ በላይ ሁለት ግዙፍ የብርሃን ዓምዶች በቴፑ ላይ ተቀርጸው ተገኙ። ከዚያ በኋላ የጠፈር መንኮራኩሮች የቀረጿቸው የቆዩ ቪዲዮዎች እንደገና ሲመረመሩ፣ ተመሳሳይ ብልጭታዎች በውስጣቸው እንደነበሩ ታወቀ።

ስፕራይት ብቻውን አይደለም። ኤልቭ የሚባለው፣ የመብረቅ የኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገድ የአዮኖስፌርን የታችኛ ጠርዝ ሲመታ የሚፈጠር፣ እስከ 400 ኪሎ ሜትር ስፋት የሚደርስ የብርሃን ቀለበት ነው፤ ዕድሜው ከአንድ ሚሊሰከንድ አይበልጥም። ሰማያዊ ጄት በአንጻሩ በእርግጥም ከደመናው አናት ተነሥቶ እስከ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚወነጨፍ ሲሆን፣ ግዙፍ ጄት የሚባለው እስከ አዮኖስፌር ይደርሳል።

እነዚህን ነገሮች ከመሬት ማጥናት የማይቻል አይደለም፤ ብዙ ጥሩ ምስሎች የተነሡትም ከመሬት ነው። ችግሩ ከነጎድጓዱ ሥር ያለ ሰው ደመናው ስለሚጋርደው ምንም አያይም። ከ200 ወይም ከ300 ኪሎ ሜትር ርቀት፣ ጥርት ባለ ሰማይ ሥር ሆኖ ሌሊቱን መጠበቅ ያስፈልጋል። ያም ሆኖ ሰማያዊው ብርሃን በአየር ውስጥ እየተበተነ ይዳከማል፤ ልዕለ ሐምራዊው (በዓይን የማይታየው አልትራቫዮሌት ብርሃን) ደግሞ በኦዞን ተውጦ ጭራሹን ምድር አይደርስም። በውቅያኖስ መካከል ያለውን ነጎድጓድማ ማን ቆሞ ይመለከተዋል? ከላይ ሲታይ ግን በተመልካቹና በብልጭታው መካከል የሚገባ ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ከላይ የማየቱ ሥራ በጥቂቱ የተጀመረው በጠፈር መንኮራኩሮች ነው። በጃንዋሪ 2003 ኮሎምቢያ በተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር ላይ እስራኤላዊውን ኢላን ራሞንን ጨምሮ ጠፈርተኞቹ ከእስራኤል ተመራማሪዎች ጋር በታቀደ ሙከራ ስፕራይቶችንና ኤልቮችን ቀረጹ። መንኮራኩሯ ፌብሩዋሪ 1 ቀን ወደ ምድር ስትመለስ ተሰባብራ ሰባቱም ሞቱ፤ ከምስሎቹ ከፊሎቹ አስቀድመው ወደ ምድር ተልከው ስለነበር ግን ለጥናት በቅተዋል። በ2004 የመጠቀችው የታይዋን ፎርሞሳት 2 ሳተላይት አይሱዋል የተባለውን መሣሪያ ይዛ ከአሥር ዓመት በላይ ስትሠራ፣ ለዓይን በጣም የሚያዳግተው ኤልቭ ከስፕራይት በብዙ እጥፍ እንደሚበዛ አሳየች።

የአሁኑ ጥናት ዋና መሣሪያ ኤሲም ይባላል። በዴንማርክ ቴክኒካል ዩኒቨርሲቲ መሪነት ተሠርቶ ኤፕሪል 2 ቀን 2018 የመጠቀ፣ 314 ኪሎ ግራም የሚመዝን መሣሪያ ሲሆን፣ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በሚዞረው ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ውጫዊ አካል ላይ ተገጥሟል። ካሜራዎቹ በሰከንድ 12 ምስል ብቻ ስለሚያነሡ ለዚህ ሥራ ዘገምተኞች ናቸው። ረቀቅ ያለውን ሥራ የሚሠሩት ምስል የማያነሡት፣ የብርሃኑን መጠን ብቻ በሰከንድ 100,000 ጊዜ የሚለኩት ሦስት ብርሃን ለኪዎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም አንድ ቀለም ብቻ ያያሉ። የመጀመሪያው የሚያየው 777.4 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለውን የኦክስጅን ቀይ ብርሃን ነው፤ ይህ ብርሃን ከበረታ በደመናው ውስጥ የጋለ የመብረቅ መስመር አለ ማለት ነው። ሁለተኛው 337 ናኖሜትር ላይ ያለውን የናይትሮጅን ሰማያዊ ብርሃን ይለካል፤ ሰማያዊው በርትቶ ቀዩ ከደከመ፣ የታየው ነገር ቀዝቃዛው ዓይነት ነው። ሦስተኛው ከ180 እስከ 230 ናኖሜትር ያለውን ልዕለ ሐምራዊ ይመለከታል። ከደመናው ውስጥ የሚነሣውን ልዕለ ሐምራዊ ከላዩ ያለው ኦዞንና ኦክስጅን ውጠው ስለሚያስቀሩት፣ ይህ ለኪ ምልክት ከሰጠ ብልጭታው ከደመናው እጅግ ርቆ ከላይ መከሰቱ አያጠራጥርም። ከመሬት ሆኖ ለሚያጠና ሰው ዕንቅፋት የነበረው ኦዞን ከጠፈር ሆኖ ለሚያይ ሰው ማጣሪያ ሆነለት ማለት ነው፤ የዚህን ጥናት ብልሃት በአንድ ምሳሌ አሳይ ብባል የማነሣው ይህንኑ ነው።

ፌብሩዋሪ 26 ቀን 2019 ጣቢያው በፓስፊክ ውቅያኖስ ናኡሩ ደሴት አካባቢ ሲያልፍ የተመዘገበው ሁኔታ ሦስቱ ቀለሞች አብረው እንዴት እንደሚነበቡ ያሳያል። ከአንድ የነጎድጓድ ደመና አናት አጠገብ አምስት ኃይለኛ ሰማያዊ ብልጭታዎች ታዩ፤ እያንዳንዳቸው የቆዩት በሚሊዮን ከተከፈለ ሰከንድ አሥሩን ክፍል ያህል ብቻ ነው። ቀዩ ደካማ ስለነበረ የተለመደው የጋለ መብረቅ አለመሆኑ ታወቀ። ከብልጭታዎቹም አንዱ ሰማያዊ ጄት ወለደ፤ ጄቱም ከደመናው በላይ ያለውን የአየር ንብርብር፣ ስትራቶስፌርን ሰንጥቆ 52 ኪሎ ሜትር ገደማ ደረሰ። የልዕለ ሐምራዊው ለኪ ደግሞ ከላይ በአዮኖስፌር ጠርዝ ላይ ኤልቮች መፈጠራቸውን መዘገበ። ውጤቱ በ2021 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ሲታተም፣ የሰማያዊ ጄት አነሣሥ ከደመናው አናት አጠገብ ካለ አጭርና ኃይለኛ ብልጭታ ጋር ሊያያዝ ቻለ።

ኤሲም ከብርሃን ለኪዎቹ ጎን የኤክስና የጋማ ጨረር ለኪም አለው። ምክንያቱ በ1991 ከተመጠቀው ኮምፕተን ከተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ይጀምራል። ሩቅ ከዋክብትን እንዲመለከት የተላከው ይህ ቴሌስኮፕ ከእግሩ ሥር፣ ከምድር ነጎድጓድ የሚመጣ የጋማ ጨረር ያዘ። ከሁሉም የሚገርመው ግን በገዛ አህጉራችን የተከሰተው ነው። ዲሴምበር 14 ቀን 2009 ፌርሚ የተባለው የጋማ ጨረር ቴሌስኮፕ በግብፅ ሰማይ ላይ ሳለ፣ በአቅራቢያው ምንም ነጎድጓድ ሳይኖር፣ 511,000 ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያለው ጨረር መዘገበ። ይህ መጠን ኤሌክትሮን ተቃራኒው፣ ማለትም ፀረ ቁስ አካል ከሆነው ፖዚትሮን ጋር ተገናኝቶ ሲጠፋፋ የሚወጣ የማያሳስት ምልክት ነው። ነጎድጓዱ የነበረው 4,500 ኪሎ ሜትር ርቆ በዛምቢያ ነበር! ከዚያ የተነሡት ቅንጣቶች የምድርን መግነጢሳዊ መስክ መስመር ይዘው ወደ ሰሜን ተጉዘው ቴሌስኮፑን መቱት፤ ያለፉት ደግሞ መስኩ መልሷቸው ከ23 ሚሊሰከንድ በኋላ ዳግመኛ አገኙት። ተራ ነጎድጓድ ፀረ ቁስ አካል እንደሚያመነጭ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው።

ሥራው ሁሉ የሠመረ አልነበረም። ፈረንሳይ ለዚሁ ጥናት ብላ ለዓመታት የደከመችባት ታራኒስ ሳተላይት ኖቬምበር 17 ቀን 2020 ስትመጥቅ፣ የቬጋ ሮኬት የመጨረሻው ክፍል አቅጣጫውን ስቶ ስምንት ደቂቃ ያህል ከበረረ በኋላ ጠፋ። ምክንያቱም ሲጣራ ኬብሎች ተገልብጠው መገጠማቸው ተገኘ።

ተራውን መብረቅ ከጠፈር መቁጠሩም በዚያው በ777.4 ናኖሜትር ብርሃን የሚሠራ ነው፤ ብርሃኑ ጠባብ ስለሆነ መብረቅን በቀንም ከፀሐይ ነጸብራቅ መለየት ያስችላል። በ1925 በተሠራ ግምት በዓለም ላይ በየሰከንዱ 100 መብረቅ ይበርቃል ይባል ነበር፤ በ1995 የመጠቀው የአሜሪካ መሣሪያ ቆጥሮ ወደ 44 አወረደው። ኦክቶበር 22 ቀን 2017 ከምሥራቅ ቴክሳስ እስከ ካንሳስ ሲቲ አቅራቢያ 829 ኪሎ ሜትር የተዘረጋውን፣ በርዝመቱ ክብረ ወሰን የያዘውን መብረቅም የመዘገበው ሳተላይት ነው።

አፍሪካን በተመለከተ ትልቁ ለውጥ ዲሴምበር 13 ቀን 2022 የመጠቀው የአውሮፓ ሜቲዮሳት ሦስተኛ ትውልድ ሳተላይት ነው። 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከምድር ወገብ በላይ ባለበት ቆሞ፣ በአራት ካሜራዎች በሰከንድ 1,000 ምስል እያነሣ አውሮፓንና አፍሪካን ሌት ተቀን ስለሚመለከት፣ የኢትዮጵያ የክረምት ነጎድጓድም በዕይታው ውስጥ ነው። በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ላይ የሚታየው መብረቅ ደግሞ የአገር ውስጥ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ኮሊን ፕራይስና ዮአቭ ያይር ከባልደረባቸው ጋር በ2007 ባሳተሙት ጥናት በምሥራቅ አፍሪካ ያለው የመብረቅ መጠን ቆይቶ በአትላንቲክ ከሚነሡት አውሎ ነፋሶች ጋር እንደሚያያዝ አመልክተዋል።

ይሁን እንጂ የሜቲዮሳት የመብረቅ ካሜራዎች የሚያዩት ቀዩን የኦክስጅን ብርሃን ብቻ ስለሆነ፣ ከደመናው በላይ የሚበራውን ስፕራይት ለይተው አያሳዩም። ስለዚህ አንድ ሰው ጨረቃ በሌለችበት ጥርት ያለ ሌሊት አፋር ሜዳ ላይ ሆኖ፣ በምዕራብ በኩል 200 ኪሎ ሜትር ርቆ በወሎ ተራሮች ላይ የሚበርቀውን ደመና ቢመለከትና ካሜራውን ከአድማሱ 20 ዲግሪ ያህል ከፍ አድርጎ ቪዲዮ ቢቀርጽ፣ ደመናው ስፕራይት ካወጣ፣ ሳተላይቱ የማያየውን ቀይ ብልጭታ ሊያገኝ ይችላል። በዓይን የሚታየው ለቅጽበት ስለሆነ፣ ቪዲዮውን በኋላ አንድ በአንድ ምስል እያቆሙ ማየት ያስፈልጋል።