አዲስ የኮሮና ዝርያ ተገኘ ሲባል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዲስ የኮሮና ቫይረስ ዝርያ ተገኘ በተባለ ቁጥር አንዱ ይደነግጣል፣ ሌላው "ደግሞ ጀመሩ" ብሎ ያልፋል። ሁለቱም ዋናውን ጥያቄ ሳይጠይቁ ነው የሚፈርዱት። አዲሱ ዝርያ ከቀድሞው በምን ይለያል? በመተላለፍ ፍጥነቱ? በሚያስከትለው ሕመም ክብደት? ወይስ በክትባት ወይም በሕመም ያዳበርነውን የመከላከል አቅም በማለፍ ችሎታው? እነዚህ ሦስቱ ለየብቻቸው የሚመዘኑ ናቸው፤ አንዱ ጨመረ ማለት ሌላውም ጨመረ ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ስህተቶች የሚመነጩት ሦስቱን ከማደባለቅ ነው።

"አዲስ ከሆነ የባሰ ነው"

ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ ሲባዛ ወደ 30,000 የሚጠጉ ፊደላት ያሉትን ዘረመሉን ደጋግሞ ይገለብጣል፤ ሲገለብጥም ይሳሳታል። አብዛኛው ስህተት ምንም ለውጥ አያመጣም፣ ቫይረሱን ራሱን የሚጎዳም አለ። ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት ዝርያዎችን በክትትል ላይ ያሉ፣ ትኩረት የሚሹ እና አሳሳቢ እያለ በደረጃ የሚለያቸው። አብዛኞቹ የመጨረሻው ደረጃ ላይ አይደርሱም። ዜናውን ስትሰሙ መጀመሪያ የትኛው ደረጃ ላይ እንደተመደበ ተመልከቱ።

"ቫይረስ እየቆየ ሲሄድ ይለዝባል"

ይህኛው በጣም የተስፋፋ ነው፣ በጣም የሚያሳስበኝም እሱ ነው። መከራከሪያው "የያዘውን ሰው የሚገድል ቫይረስ አብሮ ስለሚሞት መለዘብ ይጠቅመዋል" የሚል ነው። ለኮሮና ግን አይሠራም። ኮሮና በብዛት የሚተላለፈው ምልክት ከመታየቱ በፊት ባሉት አንድ ሁለት ቀናት እና ሕመሙ በጀመረ ሰሞን ነው። ሞት የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከሳምንታት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ቫይረሱ ሌላ ሰው ይዟል። ታማሚው ዳነም ሞተም ለስርጭቱ ብዙም ለውጥ አያመጣም። የሆነውም ይህንኑ ያሳያል፦ አልፋ ከመጀመሪያው ዝርያ ይልቅ፣ ዴልታ ደግሞ ከአልፋ ይልቅ ሰው ሆስፒታል ያስተኛ ነበር።

ኦሚክሮን ከዴልታ ቀለል ማለቱ እውነት ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ሆንግ ኮንግ ሲገባ ብዙ አረጋውያን አልተከተቡም ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። ቀላል የመሰለን በከፊል ብዙዎቻችን ተከትበን ወይም ቀድሞ ይዞን ስለነበር ነው።

የፍጥነቱም ነገር አለ። ለምሳሌ ያህል፣ ከ1,000 ታማሚ 10 የሚገድል ዝርያ 10,000 ሰው ቢይዝ 100 ይሞታል። ገዳይነቱ በግማሽ ቀንሶ ከ1,000 ታማሚ 5 የሚገድል፣ ግን ፈጥኖ 40,000 ሰው የሚይዝ ዝርያ 200 ይገድላል። "ቀላል ነው" ተብሎ ሲነገር ይህ ሒሳብ ይረሳል፤ አልጋ የሚሞላው ደግሞ በዚህ ሒሳብ ነው።

"ዝርያው የመጣው መጀመሪያ ካሳወቀው አገር ነው"

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 በደቡብ አፍሪካ የላብራቶሪ ባለሙያዎች አንድ ያልተለመደ ነገር አስተዋሉ። የሚጠቀሙበት የፒሲአር ምርመራ የቫይረሱን ከአንድ በላይ ክፍሎች ይፈልጋል፤ በብዙ ናሙናዎች ሌሎቹ ክፍሎች እየታዩ ኤስ የሚባለው ጂን ብቻ ጠፋ። ዘረመሉ ሲነበብ በስፓይክ ፕሮቲኑ (ቫይረሱ ሴላችን ላይ በሚጣበቅበት እሾህ መሰል ክፍል) ላይ ከ30 በላይ ለውጦች ተገኙ። በኖቬምበር 24 ለዓለም ጤና ድርጅት አሳወቁ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ኦሚክሮን የሚል ስም ተሰጠው። ያገኙት ምላሽ የጉዞ እገዳ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ኔዘርላንድስ በኖቬምበር 19 እና 23 ከተወሰዱ የራሷ ናሙናዎች ውስጥ ኦሚክሮንን አገኘች፤ ማስጠንቀቂያው ከመውጣቱ በፊት እዚያ ነበር ማለት ነው። ፈልጎ ያገኘና በግልጽ የተናገረ አገር መቀጣቱ ግፍ ነው፤ አደገኛም ነው፤ ነገ ሌላው አገር አይቶ ዝም ቢል ምን ይደንቃል?

"ምርመራው አዲሱን ዝርያ አያገኘውም" የሚሉም አሉ። ከላይ እንዳየነው አንዱ ክፍል ቢጠፋ ሌሎቹ ስለሚታዩ ውጤቱ ያው ፖዘቲቭ ነው፤ እንዲያውም የጠፋው ክፍል ለዝርያው ምልክት ሆነ።

"ዝርያዎቹን የወለደው ክትባቱ ነው"

አልፋ የተገኘበት የመጀመሪያው ናሙና እንግሊዝ ውስጥ የተወሰደው በሴፕቴምበር 2020 ነው። እዚያ ክትባት መሰጠት የጀመረው በዲሴምበር 8፣ 2020 ነው። ቤታ፣ ጋማ እና ዴልታም መጀመሪያ የታዩት በዚያው ዓመት፣ ክትባቱ ሳይዳረስ ነው። ቫይረሱ የሚለወጠው ሲባዛ ነው፤ የሚባዛውም ሰው ሲይዝ ነው።

"ዝርያው ከተለወጠ መከተብ ምን ዋጋ አለው?"

ሰውነታችን ቫይረስን ለመከላከል የሚያመርታቸው ፀረ እንግዳ አካላት ቫይረሱን የሚያውቁት በዋናነት በስፓይኩ ቅርፅ ነው። ስፓይኩ ሲለወጥ ይስቱታል፤ በዚያ ላይ በወራት ውስጥ ቁጥራቸው ይቀንሳል። የተከተበ ወይም አንዴ ታሞ የዳነ ሰው እንደገና የሚያዘው ለዚህ ነው። ቲ ሴሎች የሚባሉት የሰውነት መከላከያ ሴሎች ግን የቫይረሱን ብዙ ቁርጥራጮች ስለሚለዩ በአንድ ቦታ ለውጥ በቀላሉ አይታለሉም። እነሱ መያዝን አያስቀሩም፤ የተያዘውን ሰው ከጽኑ ሕመም በማዳን ግን ትልቅ ድርሻ አላቸው። "ተከትቤ ያዘኝ፣ ስለዚህ አይሠራም" የሚል ሰው ክትባቱን የሚመዝነው በማይበረታበት በኩል ነው። ዕድሜያቸው ለገፋ፣ ለነፍሰ ጡሮች እና በሽታ የመከላከል አቅማቸው ለተዳከመ ሰዎች ተጨማሪ ክትባት የሚመከረውም ለዚሁ ነው።

መድኃኒትም እንዲሁ። አንቲባዮቲክ የትኛውንም የኮሮና ዝርያ አይገድልም። ፓክስሎቪድ የተባለው የኮሮና መድኃኒት የሚያጠቃው ስፓይኩን ሳይሆን ቫይረሱ ለመባዛት የሚጠቀምበትን ኢንዛይም ስለሆነ ኦሚክሮን ላይም ሠርቷል። ከብዙ መድኃኒቶች ጋር ስለሚጋጭ ሐኪም ማዘዝ አለበት፤ መጀመር ያለበትም ምልክት በታየ በ5 ቀናት ውስጥ ነው። ስለዚህ አረጋውያን እና ሥር የሰደደ በሽታ ያለባቸው ሰዎች ጉንፋን ብቻ ቢመስላቸውም፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መመርመር አለባቸው።