የድሮ መኪና ሞተር ዕቃ፦ ከመጣላችሁ በፊት ለኩ

የድሮ መኪና ሞተር ሲፈታ የሚያስደነግጥ ነገር አይጠፋም። የተሰነጠቀ ብሎክ (የሞተሩ ዋና አካል)፣ የዛገ ሲሊንደር (ፒስተኑ የሚመላለስበት ቀዳዳ)፣ የተቧጨረ ክራንክሻፍት (የፒስተኖቹን ምልልስ ወደ ዙር የሚቀይረው ዘንግ)። ብዙ ሰው በዓይኑ አይቶ እዚያው ይፈርዳል። አንዱ የሚድነውን ይጥላል። ሌላው በማይድን ዕቃ ላይ ገንዘቡን ይጨርሳል። እኔን የሚያንገበግበኝ የመጀመሪያው ነው። ፋብሪካው መሥራት ያቆመው ብሎክ አንዴ ለቁራጭ ብረት ከተሸጠ አለቀ፤ ምትኩ አይገኝም።

“ብሎክ ከተሰነጠቀ አለቀለት”

እውነታው፦ ወሳኙ ስንጥቁ ያለበት ቦታ ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ውሃው ሳይፈስለት በብርድ ያደረ ሞተር የውጭ ግድግዳው የሚሰነጠቀው ለዚህ ነው። እዚያ ያለው ጫና ትንሽ ስለሆነ ይጠገናል። ስንጥቁን ተከትሎ ይበሳል፣ የብሎን ጥርስ ይወጣለታል፣ ትንንሽ ብሎኖች ተደራርበው ይገቡበታል። እሳት አይነካውም። በ1932 የወጣው የፎርድ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር በቫልቭ መቀመጫውና በሲሊንደሩ መካከል በመሰንጠቅ የታወቀ ነው፤ እንዲህ ተጠግኖ የሚሠራ ግን ሞልቷል። ስንጥቁ ክራንክሻፍቱን በተሸከመው ክፍል ላይ ከሆነ ግን እኔ አልደፍረውም።

“ይበየድና ያልቅ”

የድሮ ብሎክ ቀልጦ የተቀዳ ብረት ነው፤ ካርቦኑ ከ2 እስከ 4 በመቶ ይደርሳል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ግሎ ቶሎ ከቀዘቀዘ እንደ ብርጭቆ ይደርቅና ከብየዳው ጎን እንደገና ይሰነጠቃል። መበየድ ካለበት ዕቃው በሙሉ ቀድሞ ይሞቃል፣ በጣም ቀስ ብሎም ይቀዘቅዛል። በያጁ የብረቱን ዓይነት ሳይጠይቅ ማሽኑን ካስነሳ ዕቃችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

“ላዩ ካበራ ጤነኛ ነው፣ ከተቧጨረ ይጣል”

ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። የተቧጨረ ክራንክሻፍት 0.25 ወይም 0.50 ሚሊሜትር በማሽን ተሞርዶ፣ ወፈር ያለ ብሮንዚን (ዘንጉ የሚዞርበት ልባስ) ገብቶለት ዓመታት ያገለግላል። የሚያብረቀርቀው ግን እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ደብቆ ሊሆን ይችላል። በቤት ውስጥ እንዲህ ይሞከራል። ዕቃውን በነጭ ጋዝ በደንብ አርሱት። ላዩን ጠርጋችሁ አድርቁና የጠመኔ ዱቄት ነስንሱበት። ስንጥቅ ካለ የጠጣውን ጋዝ መልሶ ይተፋል፤ ነጩ ዱቄት ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ይወጣል። ክራንክሻፍቱን በገመድ አንጠልጥሎ በትንሽ መዶሻ መታ ማድረግም አለ። ደህናው እንደ ደወል ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ድፍን ድምፅ ይሰጣል። የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ግን በማግኔት የሚደረገው ምርመራ ነው። ክራንክሻፍት ላይ ስንጥቅ ከተገኘ አትከራከሩ፣ ይቅር።

“የነከሰ (አልዞር ያለ) ሞተር በጉልበት ይላቀቃል”

በፍጹም! ብዙ ጊዜ የያዘው ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ከሲሊንደሩ ጋር ዝጎ ነው። በካንዴላው (ነዳጁን በብልጭታ በሚያቀጣጥለው ዕቃ) ቀዳዳ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት አፍስሱና ቀናት ስጡት። በመዶሻ የተሰበረ ፒስተን የሲሊንደሩንም ግድግዳ ይዞ ይሄዳል። ሲሊንደሩ ዝገት ጎድጉዶት ቢገኝ እንኳ ቀዳዳው በማሽን ሰፋ ይደረጋል ወይም አዲስ ካሚቻ (የሲሊንደሩ የውስጥ ልባስ) ይገባለታል።

ፋሻና ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ክፍሎች መካከል የሚገባ ማሸጊያ) ላይ ጊዜ አታጥፉ፤ አዲስ ይግባ። የማይድነውን ዕቃ ግን ቶሎ አትጣሉት። ገበያ ላይ ከጠፋ፣ አዲስ የሚቀርጽላችሁ ባለሙያ ልኩን የሚወስደው ከዚያ ስብርባሪ ነው።