በብሪታንያ ካውንስሎች ተቀጥሮ መሥራት

በብሪታንያ የአካባቢ ምክር ቤት፣ ነዋሪው በተለምዶ ካውንስል የሚለው፣ ከቆሻሻ ማንሳትና ከመንገድ ጥገና አንሥቶ እስከ ትምህርት ቤት ምደባ፣ የአረጋውያን እንክብካቤ፣ የሕፃናት ጥበቃ፣ የኪራይ ቤቶችና ቤተ መጻሕፍት ድረስ እንደየደረጃው ኃላፊነት የተሰጠው መሥሪያ ቤት ነው። ስኮትላንድ 32፣ ዌልስ 22፣ እንግሊዝ ደግሞ ከ300 በላይ ካውንስሎች አሏቸው። ለንደን ብቻዋን ቦሮ በሚባሉ 32 ወረዳዎችና በጥንታዊው የሲቲ ኦፍ ለንደን አስተዳደር ተከፋፍላለች። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በእነዚህ ሦስት አገሮች ያሉትን ካውንስሎች ነው፤ ሰሜን አየርላንድ የራሷ የእኩልነት ሕግ አላት። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

በካውንስል ውስጥ ተመራጭና ተቀጣሪ የተለያዩ ናቸው። ተመራጮቹ ፖሊሲ ይወስናሉ፤ ተቀጣሪዎቹ ያስፈጽማሉ፤ አንድ ሰው በሚሠራበት ካውንስል ውስጥ በተመራጭነት መቀመጥ አይችልም። በ1989 የወጣው የአካባቢ አስተዳደርና የቤቶች ሕግ ማንኛውም ሠራተኛ በችሎታው ብቻ እንዲቀጠር ያዛል፤ ከፍተኛ ኃላፊዎችንና አንዳንድ አማካሪዎችን ደግሞ ከፓርቲ እንቅስቃሴ ያግዳል። ዘመድ ወይም የፓርቲ አባል መሆን ቅጥር ያስገኛል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ቢኖር፣ ቢያንስ በሕጉ ፊት ይህ መንገድ ዝግ ነው።

አካታችነት የሚባለው የሥራ ባህል በካውንስሎች በጎ ፈቃድ ብቻ የመጣ አይደለም። በ1976 የወጣው የዘር ግንኙነት ሕግ ካውንስሎች ሥራቸውን ሲያከናውኑ የዘር መድልዎን ለማስወገድ እንዲጥሩ ግዴታ ጣለባቸው። በጉያና ተወልደው በልጅነታቸው ወደ ለንደን የመጡት ኸርማን ኡስሊ በላምቤዝ ካውንስል የዘር ግንኙነት አማካሪ ሆነው የሠሩት ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ሲሆን፣ በ1990 የዚያው ካውንስል ዋና ሥራ አስፈጻሚ፣ በ1993 ደግሞ የአገር አቀፉ የዘር እኩልነት ኮሚሽን ሊቀ መንበር ሆነዋል። ጉዞው ግን ቀጥተኛ አልነበረም። በ1988 የጸደቀው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ አንቀጽ 28 ካውንስሎች የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን እንዳያስተዋውቁ ከለከለ፤ በስኮትላንድ በ2000፣ በእንግሊዝና በዌልስ በ2003 እስኪሻር ድረስም ብዙ ሠራተኞችን ማንነታቸውን እንዲደብቁ አድርጓል። በ1993 በለንደን የተገደለውን ወጣት ስቲቨን ሎረንስን ጉዳይ የመረመረው የማክፈርሰን ሪፖርት በ1999 ሲወጣ ደግሞ፣ መድልዎ በግለሰቦች ጥላቻ ብቻ ሳይሆን በመሥሪያ ቤቶች አሠራር ውስጥም እንደሚኖር ይፋ አደረገ።

ዛሬ የሁሉም መሠረት የ2010 የእኩልነት ሕግ ነው። ሕጉ ዕድሜን፣ አካል ጉዳትን፣ ዘርን፣ ሃይማኖትን፣ ፆታን፣ እርግዝናንና ወሊድን ጨምሮ ዘጠኝ መለያዎችን ይጠብቃል። አንቀጽ 149 ከ2011 ጀምሮ ካውንስሎችና ሌሎች የመንግሥት አካላት ውሳኔ ከመስጠታቸው በፊት ውሳኔው በእነዚህ ወገኖች ላይ የሚያመጣውን ጫና እንዲያስቡበት ያስገድዳል። ሳያመዛዝን አገልግሎት የዘጋ ካውንስል ውሳኔው በፍርድ ቤት ሊሻርበት ይችላል።

አዲስ አመልካች ይህን ሁሉ የሚያገኘው በማመልከቻ ቅጹ ላይ ነው። ከሥራ ዝርዝሩ ጋር ፐርሰን ስፔሲፊኬሽን የሚባል የመስፈርት ሰንጠረዥ ይያያዛል፤ የግድ የሚያስፈልገውና ቢኖር የሚመረጠው ተለይቶ ተጽፎበታል። በብዙ ካውንስሎች የአመልካቹ ስም ከአወዳዳሪዎቹ ይደበቃል፤ ዘርና ሃይማኖት የሚጠየቅበት ገጽም ለስታትስቲክስ ብቻ ስለሆነ ተነጥሎ ይቀመጣል። አወዳዳሪዎቹ ለእያንዳንዱ መስፈርት ነጥብ ይሰጣሉ። ለምሳሌ «ቅሬታ ያላቸውን ነዋሪዎች ማስተናገድ መቻል» የሚል መስፈርት ካለ፣ «ትዕግሥተኛ ነኝ» ብሎ መጻፍ ነጥብ አያስገኝም፤ የተወሰነ አጋጣሚ ጠቅሶ፣ ችግሩ ምን እንደነበር፣ አመልካቹ ራሱ ምን እንዳደረገና ምን ውጤት እንደተገኘ ማስረዳት ያስፈልጋል። የሠራውን ሁሉ ለባልደረቦቹ መስጠት ጨዋነት ነው ብሎ ያደገ ሰው እዚህ ላይ በቀላሉ ነጥብ ይጥላል። አሠራሩ ከአድልዎ የሚከላከለውን ያህል፣ የአጻጻፍ ስልቱን ለሚያውቅ ሰው እንደሚያደላም መካድ አይቻልም።

አካል ጉዳተኛ አመልካች ከሆነ ሁለት ተጨማሪ ጥበቃዎች አሉት። ቀጣሪው ሥራውን ከመስጠቱ በፊት፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ ስለ ጤንነቱ መጠየቅ አይችልም፤ በ2016 የተጀመረውን ዲሳቢሊቲ ኮንፊደንት የተባለ መርሐ ግብር የተቀበሉ ካውንስሎችም የግድ የሚያስፈልጉትን መስፈርቶች ላሟላ አካል ጉዳተኛ ቃለ መጠይቅ ይሰጣሉ። ከተቀጠረ በኋላ ተመጣጣኝ ማመቻቸት የማድረግ ግዴታ የቀጣሪው ነው። ይህም ስክሪን የሚያነብ ሶፍትዌር፣ የሥራ ሰዓት ለውጥ ወይም የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ሊሆን ይችላል፤ ከወጪው ከፊሉን አክሰስ ቱ ወርክ የተባለው የመንግሥት ድጎማ ይሸፍናል።

ሃይማኖታዊ በዓላትን በተመለከተ ሕጉ ከሚገመተው በላይ ጠባብ ነው። በጃንዋሪ 7 የሚውለው ገናና ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ የሚከተለው ጥምቀት በብሪታንያ የሥራ ቀናት ስለሆኑ፣ ኦርቶዶክሳዊ ሠራተኛ ከዓመት ፈቃዱ ቀንሶ ያከብራቸዋል። ፈቃዱን የማግኘት ፍጹም መብት የለውም፤ በቂ ምክንያት ሳይኖር መከልከል ግን በተዘዋዋሪ የሚፈጸም መድልዎ ሊሆን ይችላል። በቋንቋ ረገድ ደግሞ የዌልሱ ጉኔድ ካውንስል ልዩ ነው፤ የውስጥ ሥራውን የሚያከናውነው በዌልስኛ በመሆኑ፣ ለሌላው ዝግ ሆኖ ሊታይ የሚችለው ይኸው አሠራር ለዘመናት በገዛ አገሩ ወደ ዳር ለተገፋ ቋንቋ ተናጋሪ የመካተት ትርጉም አለው።

አካታችነቱ በገንዘብ ሲለካ ግን ታሪኩ ይከፋል። በ1997 የተደረሰው አገር አቀፍ ስምምነት የጉልበት ሠራተኞችንና የቢሮ ሠራተኞችን ደመወዝ በአንድ እርከን ሥር አደረገ። እያንዳንዱ ሥራም በኢትዮጵያ ሲቪል ሰርቪስ ጄኢጂ በመባል እንደሚታወቀው ዓይነት በነጥብ እንዲመዘን ታሰበ። በተግባር በብዙ ቦታዎች ወንዶች የሚበዙበት ቆሻሻ ማንሳት ከደመወዝ በላይ ቦነስ እየተከፈለበት ቀጠለ፤ በተመሳሳይ ደረጃ ያሉ የትምህርት ቤት ወጥ ሠሪዎች፣ የጽዳት ሠራተኞችና ተንከባካቢዎች፣ በአብዛኛው ሴቶች፣ ያን አላገኙም። በ2012 የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 174 የበርሚንግሃም ካውንስል የቀድሞ ሠራተኞች በሥራ ክርክር ችሎት ለመክሰስ የተሰጠው የስድስት ወር ጊዜ ካለፈም በኋላ በመደበኛ ፍርድ ቤት መክሰስ እንደሚችሉ ወሰነ። ካውንስሉ በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ 1.1 ቢሊዮን ፓውንድ ከፍሎም አልጨረሰም፤ በሴፕቴምበር 2023 አስፈላጊ ያልሆነ ወጪ ሁሉ የሚያግድ የአንቀጽ 114 ማስታወቂያ ሲያወጣ፣ ከምክንያቶቹ አንዱ እስከ 760 ሚሊዮን ፓውንድ የተገመተው ያልተከፈለ የእኩል ክፍያ ዕዳ ነበር።

በግላስጎው በኦክቶበር 2018 ከ8,000 በላይ ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ለሁለት ቀናት ሥራ አቆሙ። ቆሻሻ ሰብሳቢ ወንዶችም የአድማውን መስመር አንሻገርም ብለው አብረዋቸው ቆሙ፤ የክፍያ ልዩነቱ ተጠቃሚ የነበሩት እነርሱ መሆናቸው ድርጊቱን ይበልጥ የሚያስገርም ያደርገዋል። በቀጣዩ ዓመት ከተማዋ ከ500 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ለመክፈል ተስማማች፤ ገንዘቡን ለማግኘትም የሕዝብ ሕንፃዎችን ሸጣ መልሳ እስከ መከራየት ደረሰች።

ቋሚ የካውንስል ሠራተኛ ከሚያገኛቸው ጥቅሞች ትልቁ የአካባቢ አስተዳደር ጡረታ ነው። ከ2014 ጀምሮ በእንግሊዝና በዌልስ በየዓመቱ የደመወዙ 1/49ኛ በጡረታው ላይ ይደመርለታል። አቅም ያጠረው መዋጮውን በግማሽ ቀንሶ ግማሽ ጡረታ ማጠራቀም ይችላል። ዩኒሰን፣ ጂኤምቢና ዩናይት የሚባሉት የሠራተኛ ማኅበራት ደመወዙን በአገር አቀፍ ደረጃ ይደራደራሉ።

ይሁንና ከአዲስ መጤዎች ብዙዎቹ ወደ ካውንስል ሥራ የሚገቡት በኤጀንሲ በኩል ወይም የእንክብካቤና የጽዳት ሥራውን በኮንትራት በወሰደ ኩባንያ ነው። በ2011 ሥራ ላይ የዋለው የኤጀንሲ ሠራተኞች ደንብ በአንድ የሥራ ቦታ 12 ሳምንት የቆየ ሰው ከቋሚው ጋር እኩል መሠረታዊ ደመወዝና የዓመት ፈቃድ እንዲያገኝ ያደርጋል፤ ካውንስሉ ለራሱ ሠራተኞች የሚከፍለውን የሕመም ክፍያና ያንን ጡረታ ግን አይጨምርለትም። የኮንትራት ኩባንያው ሠራተኛ ደግሞ ዩኒፎርሙ ላይ የካውንስሉ ዓርማ ቢኖርም እንኳ፣ ደመወዙ የሚወሰነው ካውንስሉ ከኩባንያው ጋር በተፈራረመው ውልና በኩባንያው እርከን ነው።