መንገደኛ ለማውረድ ቆመው የመጣብዎ ወረቀት ቅጣት ነው ወይስ የክፍያ ጥያቄ?

በእንግሊዝ አየር ማረፊያ በር ላይ እንግዳ አውርዶ የሄደ አሽከርካሪ፣ ከቀናት በኋላ የታርጋው ፎቶግራፍና የገባበት ደቂቃ የታተመበት ደብዳቤ ሲደርሰው መንግሥት የቀጣው ይመስለዋል። ላኪው የግል ድርጅት ከሆነ ግን ጉዳዩ የውል ነው፤ ድርጅቱ «ማስታወቂያውን አይተው ገብተዋልና ተስማምተዋል» ይላል እንጂ በወንጀል አይከስም። የመንግሥቱ የቅጣት ወረቀትም (Penalty Charge Notice) የግሉ የፓርኪንግ ክፍያ ጥያቄም (Parking Charge Notice) በአጭሩ «ፒሲኤን» (PCN) መባላቸው ማንንም ያሳስታል፤ አንዳንዴ ሆን ተብሎ የተደረገ ይመስለኛል።

ይህ ማለት ደብዳቤውን ቀዶ መጣል ይቻላል ማለት አይደለም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ የግል ፓርኪንግ ድርጅት የጠየቀውን 85 ፓውንድ አጽንቷል። በለንደኑ ሄትሮው አየር ማረፊያ መንገደኛ ለማውረድ የሚጠየቀው ክፍያ እስከ ማግስቱ እኩለ ሌሊት ይከፈላል፤ ስለዚህ ደረሰኙን፣ በተለይ ታርጋው ሲጻፍ አንድ ፊደል ተሳስቶ እንደሆነ፣ አስቀድሞ ማየት ይገባል።

ዋናው መከራከሪያ እ.ኤ.አ. የ2012ቱ የነጻነቶች ጥበቃ ሕግ (Protection of Freedoms Act) ነው። ሕጉ አሽከርካሪው ካልታወቀ ዕዳውን ወደ መኪናው ተመዝጋቢ ማዞርን ይፈቅዳል፤ ይሁንና መኪናው ላይ ወረቀት ካልተተወ ደብዳቤው በ14 ቀናት ውስጥ መድረስ አለበት፣ በራሱ ልዩ ደንብ የሚተዳደር መሬት ደግሞ ዕዳን ወደ ተመዝጋቢው ከማዞር ፈቃድ ውጭ ነው፤ ብዙ ትልልቅ አየር ማረፊያዎችም እንዲህ ያለ ደንብ አላቸው። በዚህ ምክንያት አቤቱታ ሲጻፍ «እኔ ነበርኩ የነዳሁት» ከማለት ይልቅ «የመኪናው ተመዝጋቢ ነኝ» ብሎ መጀመር ይበጃል። ድርጅቱ አቤቱታውን ካልተቀበለ፣ ድርጅቱ አባል እንደሆነበት የፓርኪንግ ማኅበር፣ ፖፕላ (POPLA) ወይም አይኤኤስ (IAS) ወደሚባሉት ይግባኝ ሰሚ አካላት ይግባኝ ይባላል።